ኮዳችሁ ልክ ነው፣ ቦታው ነው ያልሆነው

ዛሬ የምጽፈው ስለ ፎልደር ነው። አዎ፣ ስለዚያች ቢጫ ሥዕል። አትሳቁ። ትንሽ ረዘም ስለሚል ሻይ ያዙና ተቀመጡ። ኮምፒውተር የማትነኩ ወላጆችም አንብቡት፤ ዞሮ ዞሮ ሂሳቡ የሚመጣው ለልጃችሁ በምትገዙለት የኢንተርኔት ፓኬጅ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ እዚህ ሮቤም ጎባም «ፕሮግራሚንግ ጀመርኩ» የሚለኝ ልጅ በርክቷል። ደስ ይላል። ከኮርሶቹ አንዱ የአንድሮይድ አፕ መሥራት ስለሆነ ብዙዎቹ ቪዲዮውን አይተው በቀጥታ አንድሮይድ ስቱዲዮ ወደ መጫን ይሄዳሉ። ከዚያ ሁለት ሦስት ሳምንት ዝም ይላሉ። ከዚያ አንድ ማታ በቴሌግራም መልእክት ይመጣል፤ «ቲቸር፣ ኮዲንግ ለኔ አልተፈጠረም መሰለኝ፣ ልተወው ነው።» እስቲ የሠራኸውን ላክልኝ እላለሁ። ስከፍተው ንጹህ ነው፣ አንዲት ቅንፍ አልጎደለችውም። የተበላሸው ኮዱ አይደለም። ነገሮቹ የተቀመጡበት ቦታ ነው።

አቋሜን ቀድሜ ልንገራችሁ፣ ከዚያ እየተቻችሁኝ ታነባላችሁ። ለጀማሪ የመጀመሪያው ትምህርት ኮድ መሆን የለበትም። መጀመሪያ መማር ያለበት ኮምፒውተሩ ምኑን የት እንደሚያስቀምጥና ያንን ቦታ እንዴት እንደሚቀይሩት ነው። በተለይ እንደኛ ባለ ቦታ፤ አንዱን ኮምፒውተር አሥር ልጅ በሚጋራበት፣ ኢንተርኔት በሜጋባይት በሚገዛበት፣ መብራት ሳይናገር በሚሄድበት። ይህ ሳይነገረው የወደቀን ልጅ «ጭንቅላቱ አይቀበልም» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። አፕ ስትሠሩ የጻፋችሁት ኮድ እንዳለ ስልክ ላይ አይጫንም። ኮዱን፣ ሥዕሎቹን፣ ጽሑፎቹን፣ ሌሎች ሰዎች ጽፈው ያዘጋጇቸውን ላይብረሪዎች ሰብስቦ፣ አቀናብሮ፣ ፈርሞ ኤፒኬ የሚባል አንድ ጥቅል የሚያደርገው ግሬድል የሚባል መሣሪያ ነው። (ጥቅል ያልኩት ፈረንጆቹ ፓኬጅ የሚሉትን ነው። እኛ ጋ ፓኬጅ ሲባል ሁሉም ሰው ኮከብና መሰላል መጫን ስለሚያምረው ነው ቃሉን የቀየርኩት።) ግሬድል ሥራውን ሲጀምር መጀመሪያ ራሱን ያወርዳል። ይሄ ብቻውን ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው። ቀጥሎ ላይብረሪዎቹን ያወርዳል፤ እነሱም ጥቂት አይደሉም። ደግነቱ አንዴ ያወረደውን ደግሞ አያወርድም፣ ያስቀምጠዋል።

የት ነው የሚያስቀምጠው? ሲ ድራይቭ ውስጥ፣ ዩዘርስ ውስጥ፣ በእናንተ የዊንዶውስ ስም በተከፈተው ፎልደር ውስጥ፣ በነጥብ የሚጀምር «ግሬድል» የሚል ፎልደር ይከፍትና እዚያ። ማንም አልጠየቃችሁም። ኤስዲኬ የሚባለው ትልቁ የመሣሪያ ሣጥንም በዚያው በስማችሁ ሥር አፕዳታ የሚባል ጓዳ ውስጥ ይገባል። ኮምፒውተር ላይ የምትከፍቱት የውሸት ስልክ፣ ኢሙሌተሩ፣ ብዙ ጊጋባይቱን ይዞ እዚያው ሲ ላይ በነጥብ በሚጀምር «አንድሮይድ» ፎልደር ውስጥ ይተኛል። ሁሉም ሲ ላይ፣ ሁሉም ዓይን በማያርፍበት ጥግ።

ይህ ዲፎልት ክፋት የለውም። የራሱ ላፕቶፕ ላለው፣ ዲስኩ ሰፊ ለሆነ፣ ኢንተርኔቱ ሳይቆጠር ለሚመጣለት ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ነው። እኛ ስንለብሰው ነው የሚጠበው። እንዴት እንደሚጠብ ሦስት አራት የማውቃቸውን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ላብ ነው። ብዙ የትምህርት ቤትና የሥልጠና ላቦች ኮምፒውተሮቻቸውን በዲፕ ፍሪዝ ወይም በመሰል ሶፍትዌር ያቀዘቅዟቸዋል። ምክንያቱ በቂ ነው፤ ቫይረስ ከፍላሽ ይገባል፣ ልጆች ሴቲንግ ይነካካሉ። የቀዘቀዘ ድራይቭ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ወደ መጀመሪያው መልኩ ይመለሳል፣ በመካከል የተጻፈው ሁሉ የለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀዘቅዘው ሲ ነው። አሁን ሁለቱን አገናኙ። ግሬድል ያወረደውን ሁሉ ያስቀመጠው ሲ ላይ ነው። ልጁ ሰኞ በራሱ ስልክ ዳታ ሼር አድርጎ አንድ ሰዓት ሙሉ አወረደ፣ አፑ ሠራ፣ ተጨበጨበ። ረቡዕ ሲመጣ ግሬድል እንደ አዲስ «ላውርድ» ይላል። ዓርብም እንደዚያው። ልጁ የሚያየው ከታች የሚሮጥ መስመር ብቻ ነው፤ ያንኑ ነገር ለሦስተኛ ጊዜ እየገዛ እንደሆነ የሚነግረው የለም። መሐል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ የዚያኑ ቀን ሁለቴ ይገዛዋል።

እናት ዶሮ ሸጣ የሰጠችው ብር ነው እኮ ይሄ።

ሁለተኛው ይበልጥ ተንኮለኛ ነው፤ ልጆቹን ከምንም በላይ ተስፋ የሚያስቆርጣቸውም እሱ ነው። ተማሪዋ አፕዋን ሠርታ ስልኳ ላይ ጫነችው። ጓደኞቿ የእንቁላል ሽያጭ ሂሳብ መዘገቡበት፣ ወደዱት። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ቁልፍ ጨምራ እንደገና ስትጭነው ስልኩ «አፑ አልተጫነም» ይላታል። ኮዱ ላይ ስህተት ትፈልጋለች፤ ስህተት የለም። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ማንኛውም የአንድሮይድ አፕ በቁልፍ ይፈረማል። በሙከራ ጊዜ የምትጠቀሙበትን ቁልፍ መሣሪያው ራሱ ይሠራውና ያንኑ በነጥብ የሚጀምረውን «አንድሮይድ» ፎልደር ውስጥ ያስቀምጠዋል። ስልኩ አሮጌውን አፕ በአዲሱ የሚተካው የሁለቱ ፊርማ አንድ ከሆነ ብቻ ነው። አምስተኛው ኮምፒውተር ላይ የተሠራውና አሥራ ሁለተኛው ላይ የተሠራው ፊርማቸው ይለያያል። ሲው በቀዘቀዘ ላብ ደግሞ ያው አንዱ ኮምፒውተር እንኳ በተነሣ ቁጥር አዲስ ቁልፍ ይቀርጻል። ስለዚህ አሮጌውን አጥፍታ አዲሱን መጫን ግድ ይሆንባታል፣ ሲጠፋ የተመዘገበው ሂሳብ አብሮ ይጠፋል። ጓደኞቿ «አፕሽ ዳታ ይበላል» ይሏታል። እሷ ምን አደረገች? ምንም። ሦስት መቶ ግራም የማትሞላ ፋይል ያለ ቦታዋ ተቀምጣ ነው። (ፋይል በግራም አይመዘንም፣ አውቃለሁ፣ ኮሜንት ላይ እንዳትመጡብኝ።)

ሦስተኛው የራሳችን ፊደል ነገር ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ይከነክነኛል። ልጁ አዲስ ላፕቶፕ ሲገዛለት በደስታ ስሙን በአማርኛ ጽፎ ገባ። ዊንዶውስ ይቀበላል፣ ለምን አይቀበል፤ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ላይ ከገባ ሩብ ምዕት ዓመት አልፎታል። ፕሮጀክቱንም «የመጀመሪያ ሥራዬ» ብሎ ሰየመው። ከዚያ ቢልድ ሲያደርግ ዊንዶውስ ላይ ቀይ ጽሑፍ ይመጣል፤ ሲተረጎም የፕሮጀክትህ አድራሻ ከአስኪ ውጭ የሆኑ ፊደላት አሉበት፣ ቢልዱ መክሸፉ አይቀርም የሚል ነው። አስኪ ማለት የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ቁጥሮችና ጥቂት ምልክቶች ብቻ ያሉበት አሮጌ ዝርዝር ነው። ይህ ሕግ የሚመለከተው እኛን ብቻ አይደለም፤ አረቡንም ቻይናውንም ያው ቀይ ጽሑፍ ነው የሚጠብቀው። ድክመቱ የመሣሪያው ነው። ልጁ ግን «አማርኛ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም» የሚል ትምህርት ይዞ ይወጣል። ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፕሮጀክቱን «ዲ» ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል በተሰየመ፣ ክፍት ቦታም በሌለው አጭር ፎልደር ውስጥ አድርጉት። የዊንዶውስ ስማችሁ በአማርኛ ከሆነ ስሙን ከሴቲንግ መቀየር አይጠቅማችሁም፤ ዩዘርስ ውስጥ ያለው ፎልደር መጀመሪያ በተሰየመበት ስም እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ዊንዶውሱን ፎርማት ከማድረግ የግሬድልንና የኤስዲኬን ቦታ ከዚያ ማውጣት ይሻላል። እንዴት እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

እግረ መንገዴን፣ ፎልደር ቋንቋችንን ሲጠቅም የሚታይበትም ቦታ አለ። አፑ ውስጥ የሚታዩ ጽሑፎች የሚቀመጡት «ቫልዩስ» በሚባል ፎልደር ነው። አጠገቡ ስሙ «ቫልዩስ» ብሎ፣ ሰረዝ አድርጎ፣ ኤ ኤም የሚል ፎልደር ብትከፍቱና የአማርኛውን እዚያ ብታስገቡ፣ ስልኩ በአማርኛ የሆነ ሰው አፑን በአማርኛ ያየዋል። ኦ ኤም የሚል ከፍታችሁ የአፋን ኦሮሞውን ብትጨምሩ ደግሞ ያኛው በአፋን ኦሮሞ ያየዋል። ኮዱ ላይ አንድ መስመር አትነኩም። የጎባ ገበያን ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አልነግረውም። ሁለት ፎልደር ብቻ ነው። ይህን ያሳየኋቸው ቀን ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ዝምታ አልረሳውም።

አሁን ወደ ባሌ ልመልሳችሁ። ባሌ የስንዴ አገር ነው፣ በጋናም በቦናም ይታጨዳል። ሲናና ወይም አጋርፋ ሂዱና አንድ ገበሬ ጠይቁ፤ ዘርህ የት ነው? ማዳበሪያህ የት ነው? የምትወቃበት የት ነው? የተወቃውስ የት ይገባል? ለአራቱም አራት የተለያየ መልስ ይሰጣችኋል። ዘሩን ከሚሸጠው ጋር አያደባልቅም። ማዳበሪያው ዝናብ በማይነካው ጥግ ነው፣ በብር የተገዛ ነዋ። አውድማው ሥራው ሲያልቅ ይጠረጋል። እህሉ ጎተራ ወይ መጋዘን ይገባል። ዛሬ ኮምባይነር መጥቶ አውድማው ቢቀርም ዘርን ከገለባ ጋር የሚያስቀምጥ ገበሬ አላየሁም።

ግሬድልም እንደዚያው ነው። የጻፋችሁት ኮድና የፊርማ ቁልፋችሁ ዘር ነው፣ ከጠፋ ከየትም አይገዛም። የወረዱት ላይብረሪዎች ማዳበሪያ ናቸው፣ በብር ይተካሉ ግን ያማል። በፕሮጀክቱ ውስጥ «ቢልድ» የሚባለው ፎልደር አውድማው ነው፤ ጠርጋችሁ ብትጥሉት ግሬድል መልሶ ይሠራዋል። ኤፒኬው እህሉ ነው።

ይህንን ያሰብኩት የመጀመሪያው ሰው እኔ አይደለሁም። ሶፍትዌር በመጠቅለል ዕድሜያቸውን የጨረሱት የሊኑክስ ሰዎች ቀድመው ነው የለዩት። በእነ ሬድ ሃት ሠፈር አርፒኤም የሚባለውን ጥቅል ስትሠሩ መሣሪያው አምስት ፎልደር ይፈልጋል፤ አንዱ ለአሠራር መመሪያው፣ አንዱ ለመጣው ጥሬ ምንጭ፣ አንዱ ለሥራ ቦታ፣ አንዱ ለተጠናቀቀው ጥቅል፣ አንዱ ደግሞ ምንጩ ለተጠቀለለበት ጥቅል። ድሮ እነዚህ የሲስተሙ ባለቤት ብቻ በሚጽፍበት ቦታ ነበር የሚቀመጡት፤ በኋላ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ቤት እንዲያደርጋቸው ሆነ፣ ቦታውንም በአንዲት መስመር መቀየር ይቻላል። አርች ሊኑክስ ላይ ያለው መሣሪያም የኮንፊገሬሽን ፋይሉ ውስጥ ለየብቻ የሚሞሉ መስመሮች አሉት፤ የሥራ ቦታ፣ የወረደ ምንጭ ቦታ፣ ያለቀ ጥቅል ቦታ፣ የመዝገብ ማለትም የሎግ ቦታ። ካልሞላችኋቸው ሁሉንም መመሪያው ያለበት ፎልደር ውስጥ ይዘረግፈዋል። መሣሪያው ይለያይ እንጂ ጥያቄው አንድ ነው። ፓይተንም የምትሠሩ፣ ኖድም የምትሠሩ ልጆች የየራሳችሁ ካሽ ፎልደር አላችሁ፤ የት እንዳለ ታውቃላችሁ? እሺ፣ ወደ ግሬድል።

ምን እናድርግ? ዊንዶውስ ላይ ከታች ፍለጋው ውስጥ «ኢንቫይሮንመንት» ብላችሁ ጻፉ። ለራሳችሁ አካውንት የሚለውን ክፈቱና አዲስ በሉ። ስሙ ላይ «ግሬድል ዩዘር ሆም» በሚለው እንግሊዝኛ፣ ሁሉም በትልልቁ ፊደል፣ በቃላቱ መካከል ክፍት ቦታ ሳይሆን ከታች የምትሰመረዋ ሰረዝ ትግባ። ዋጋው ላይ ዲ ድራይቭ ላይ የከፈታችሁትን ፎልደር አድራሻ ስጡት። ለነጥብ አንድሮይዱም እንዲሁ፤ ስሙ «አንድሮይድ ዩዘር ሆም» ነው። ይሄኛው የሙከራ ቁልፉንም ኢሙሌተሩንም ይዞ ይወጣል። ኤስዲኬውን ከስቱዲዮው ሴቲንግ ውስጥ ቦታውን ኤዲት ብላችሁ ትቀይራላችሁ። ስቱዲዮውን ዘግታችሁ ክፈቱ። በቃ። የነበረውን እንደገና እንዳያወርድ አሮጌውን ፎልደር ቀድማችሁ ወደ አዲሱ ቦታ መገልበጥ አትርሱ፣ ግልበጣውም ስቱዲዮው ተዘግቶ ይሁን።

ለላብ ኃላፊዎች አንድ ነገር። ይህ ለውጥ ኮምፒውተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ከተደረገ ለውጡ ራሱ በሚቀጥለው ቀን አይገኝም። ስለዚህ እናንተ አቅልጣችሁ፣ አስተካክላችሁ፣ መልሳችሁ ማቀዝቀዝ አለባችሁ። ሲን ክፈቱ እያልኩ አይደለም፣ ቫይረሱን እኔም አውቀዋለሁ። ያልቀዘቀዘ ዲ ይኑር፣ ግሬድልና የሙከራ ቁልፉ እዚያ ይግቡ፣ ያ ብቻ ነው ልመናዬ። የሙከራ ቁልፉን ለሁሉም ኮምፒውተር አንዱን ገልብጣችሁ ብታደርጉት ልጆቹ የትኛውም ወንበር ላይ ቢቀመጡ ስልካቸው አይከለክላቸውም። እሱ ምስጢር አይደለም፣ የይለፍ ቃሉ በዓለም ሁሉ አንድ ነው። ለሕዝብ የሚለቀቀው አፕ የሚፈረምበት ቁልፍ ግን ሌላ ነው፤ እሱን ላብ ውስጥ የሚተው ሰው ማኅተሙን ሻይ ቤት እንደረሳ ይቆጠር።

ከዚያ ደግሞ አንዴ መግዛት ይቻላል። ግሬድል ካሽ ያደረጋቸው ላይብረሪዎች ያሉበት «ሞጁልስ 2» የሚባል ፎልደር ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ይገለበጣል። ስማቸው «ሎክ» ብሎ የሚያልቁትን ፋይሎችና «ጂሲ ፕሮፐርቲስ» የምትባለዋን ትታችሁ ሌላውን መገልበጥ ነው። ራሱ ግሬድልም «ራፐር» ከሚለው ውስጥ «ዲስትስ» የሚል ፎልደር ውስጥ አለ፣ እሱም ይገለበጣል። አንድ ኮምፒውተር ላይ በደንብ አውርዳችሁ ለሃያው ማዳረስ ማለት ነው። ከዚያ ስቱዲዮው ላይ ኦፍላይን ሞድ ብትጫኑ ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ቢልዱ ይሄዳል፣ አዲስ ላይብረሪ እስካልጨመራችሁ ድረስ። ሁሉም ልጅ ፕሮጀክቱን በአንድ ዓይነት የግሬድል ቨርዥን ቢጀምር ይመረጣል፤ ቨርዥኑ ሲለያይ ለእያንዳንዱ እንደገና ያወርዳልና።

አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ግሬድል ቤቱን ራሱ ይጠርጋል። ያወረደውን ነገር 30 ቀን ካልተጠቀማችሁበት ያጠፋዋል። ከኢንተርኔት ሳያወርድ እዚሁ መልሶ ሊሠራው የሚችለውን ደግሞ በ7 ቀን። ፈረንጅ አገር ይህ ጥሩ ነገር ነው፣ ዲስክ አይሞላም። እኛ ጋ ግን ሰኔ ትምህርት ይዘጋል፣ መስከረም ስትመለሱ ካሹ እንዳለ ይመስላችኋል፣ ትንሽ ሠርታችሁ የቀረውን ጠራርጎ ያገኛችሁታል። ስለዚህ የተገለበጠ አንድ ኮፒ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ፣ ከግሬድል እጅ ውጭ ይቀመጥ። ዘር ነው ብያችሁ የለ? እሺ ማዳበሪያ ነው ብያለሁ፤ የተረፈ ማዳበሪያም ለከርሞ ይቀመጣል።

ስለ ፍላሽም ልናገር። ፕሮጀክታቸውን ፍላሽ ላይ ከፍተው የሚሠሩ ልጆች አሉ። ፍላሽ ላይ ቢልድ ማድረግ በማንኪያ ጉድጓድ መቆፈር ነው፤ ግሬድል በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ይጽፋል፣ ያጠፋል። ዲ ላይ ሥሩ፣ ሲያልቅ ወደ ፍላሽ ገልብጡ። ስትገለብጡ ደግሞ መጀመሪያ ክሊን ፕሮጀክት በሉ። አንድ ልጅ «ፕሮጀክቴ ለቴሌግራም ከበደ» ብሎኝ ባየው፣ ከላከው ውስጥ የጻፈው ኮድ ከአንድ ፎቶ ያነሰ ነበር። የቀረው ገለባ ነው። ገለባ በዳታ እየጫነ ነበር!

አፑ የት ገባ ለምትሉኝም፣ ይሄ በሳምንት አንዴ ይጠየቃል፤ ከሜኑው ቢልድ ኤፒኬ ብላችሁ ካዘዛችሁ ፕሮጀክቱ ውስጥ አፕ፣ ከዚያ ቢልድ፣ ከዚያ አውትፑትስ፣ ከዚያ ኤፒኬ፣ ከዚያ ዲበግ። አውድማው ላይ ነው ያለው ማለት ነው። ስለዚህ ክሊን ከማለታችሁ በፊት አንሥታችሁ ጎተራ አግቡት፣ በቀንና በቁጥር ሰይማችሁ።

አሁን የሚቃወሙኝን ልመልስ። አንድ የማከብረው የሥራ ባልደረባዬ «ይሄ የቴክኒሻን ሥራ ነው፣ ተማሪን በፎልደር አታድክመው፣ ሎጂክ ይማር» ይለኛል። ሎጂክማ ይማር። ግን ቢልዱ ያልሄደለት ልጅ የሎጂኩን ውጤት የት ያየዋል? ደግሞም ይህ ራሱ ሎጂክ ነው፤ ምን ይጠፋል፣ ምን ይተካል፣ ምን አይተካም ብሎ መለየት። ሌላው «የዛሬ ልጆች ከቴክኖሎጂ ጋር ነው የተወለዱት» ይላል። ከስልክ ጋር ነው የተወለዱት። ስልክ ደግሞ ፎልደርን ደብቆ ነው ያሳደጋቸው፤ ፎቶው ጋለሪ ውስጥ ነው፣ ዘፈኑ ማጫወቻው ውስጥ ነው፣ ቴሌግራም የወረደው ቴሌግራም ውስጥ ነው። የባሌ ልጆች ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ዘ ቨርጅ የተባለው ድረ ገጽ አሜሪካ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ያንኑ ሲያማርሩ ጽፎ ነበር፤ ተማሪዎቻቸው «ፋይልህን የት አስቀመጥከው» ሲባሉ ጥያቄው ራሱ አይገባቸውም። ልዩነቱ እዚያ ያለው ልጅ ፋይሉን ባያገኘው እንደገና ያወርደዋል፣ የሚከፍለው ተጨማሪ ነገር የለም። እዚህ ያለው ግን ይከፍላል፣ ሲያልቅበት ይተወዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ እውነት አለው፤ «ሁሉም ነገር ወደ ክላውድ እየሄደ ነው፣ ብራውዘር ላይ ይሥሩ» የሚለው። ኔትወርክ ሙሉ ቀን ለሚሠራለት ይሁን። እኔ የማስተምረው ኔትወርክ ሲመጣ የሚያወርድና ሲሄድ የሚሠራ ልጅ ነው። እንደዚያ ለሚሠራ ሰው የወረደው ነገር የት እንዳለ ማወቅ ትርፍ ዕውቀት ሊሆንበት አይችልም። እኔ ባለ ዲፕሎማ ነኝ፤ ዲግሪና ማስተርስ ያላችሁ፣ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁም፣ ተሳስቷል የምትሉትን ጻፉልኝ፣ ተማሪዎቼም ያነቡታል።

ከሥልጠና አዘጋጆች የምጠብቀው ብዙ አይደለም። ከመጀመሪያው ቪዲዮ በፊት አንድ ሰዓት። ሲ ምንድነው፣ ዲ ምንድነው፣ በነጥብ የሚጀምር ፎልደር ምንድነው፣ ይህ መሣሪያ ምኑን የት ይጥላል፣ እንዴት ይቀየራል። ያቺ አንድ ሰዓት ስንት ልጅ «ለኔ አልተፈጠረም» ብሎ ከመተው እንደምታድነው የሚያውቅ የላብ በር ላይ የቆመ ሰው ነው።

ለጊዜው በእጄ ያለውን ላካፍል። የግሬድሉን ካሽ፣ ኤስዲኬውንና ስቱዲዮውን አንድ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ገልብጫለሁ፤ ትንንሾቹ ፋይሎች ፍላሽ ላይ ቀን ሙሉ ስለሚፈጁ በዚፕ አድርጌያቸዋለሁ። የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝና ቅዳሜ ከሰዓት ሮቤ እንገናኝ። ጎባ ያላችሁ በአንድ ታክሲ ተሰብስባችሁ ኑ፣ አንዳችሁ ከገለበጠ ለሌላው ያካፍላል። ፍላሻችሁ ቢያንስ 32 ጊጋ ይሁን፤ ፎርማቱም ፋት 32 ከሆነ ቀይራችሁ አምጡ፣ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ስትቀይሩ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ፎቷችሁን ቀድማችሁ አውጡ። ላፕቶፕ የምታመጡ ቻርጀር አትርሱ።